ካምቤል ይሻላል ወይስ ቱሬ?

ስለ አጥቂ የሚከራከር ሰው ሥራው ቀላል ነው። ጎል ይቆጥራል፣ አለቀ። "ሄንሪ በዚያ ዓመት በሊጉ ብቻ 30 አግብቷል" ካለ በኋላ ማን ይመልስለታል? ስለ መሐል ተከላካይ የሚከራከር ሰው ግን ምን ይቁጠር? ያልገባውን ጎል? ሳይሞከር የቀረውን ሙከራ? አጥቂው ኳሷን ይዞ ሊገባ አስቦ፣ ቀና ሲል ከፊቱ የቆመውን ሰው አይቶ ሐሳቡን የቀየረባትን ቅጽበት? እንዲህ ያለው ነገር ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም። ለዚህ ነው መሰለኝ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የተከላካይ ክርክር ቶሎ ወደ ጩኸት የሚዞረው።

እናላችሁ፣ ባለፈው ሰሞን ከሰፈራችን ልጆች አንዱ፣ አርሰናል ያለ ሽንፈት ዋንጫ ሲያነሳ ገና ዳዴ ይል የነበረ ነው፣ ቡናዬን ይዤ ከተቀመጥኩበት መጥቶ "ጋሼ፣ እርስዎ በዓይንዎ ያዩትን ይንገሩን፤ ካምቤል ነው ቱሬ?" አለኝ። አጠያየቁ ዓድዋ የዘመተ ሰው የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። "በዓይኔ ያየሁት" በቴሌቪዥን፣ ያውም ከፊቴ የቆመ ወጠምሻ ግማሹን እየጋረደኝ መሆኑን አልነገርኩትም።

ልጁ የፈለገው አንድ ስም ነበር። እኔ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከኖርኩበት ዘመን የቀረ አመል አለብኝ። ተማሪዎቼን "ሁለቱን ገጸ ባሕርያት አወዳድሩ" ስላቸው አብዛኞቹ አንድ ገጽ ሙሉ ስለ አንደኛው፣ ሌላ ገጽ ሙሉ ስለ ሁለተኛው ይጽፉና "ስለዚህ ሁለቱ ይለያያሉ" ብለው ይዘጋሉ። ይኼ ማወዳደር አይደለም፣ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። አንደኛው ባይኖር ሁለተኛው ምን ይሆን ነበር? እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ2002/03 አርሰናል በሊጉ 85 ጎል አግብቶ 42 ገባበት። ሁለተኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት፣ በእኛ 1996 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ያገባው 73 ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ጎል ቀነሰ ማለት ነው! የገባበት ግን 26። ከ38 ጨዋታ 26ቱን አሸነፈ፣ 12ቱን አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። ሕዝቡ ዛሬም የሚተርከው ስለ ሄንሪ ሩጫና ስለ ቤርካምፕ አብዶ ነው፤ ቁጥሩ ግን ለውጡ የመጣው ከኋላ በኩል መሆኑን ይናገራል። ከኋላ ምን ተለወጠ? በረኛው ሲማን ሄዶ ሌማን መጣ። እና ደግሞ እስከዚያ ድረስ አንዴ አማካይ፣ አንዴ የቀኝ ተመላላሽ ሆኖ ሲንከራተት የነበረ አንድ የ22 ዓመት ልጅ ከካምቤል ጎን ቆመ።

ኮሎ ቱሬ ከአይቮሪ ኮስቱ አሴክ ሚሞዛ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2002 የመጣው በ150 ሺህ ፓውንድ ነው። በዚያ ዘመን እንኳ የአንድ ታዋቂ ተጫዋች የጥቂት ሳምንት ደሞዝ ማለት ነው። ለሙከራ ሲመጣ ስለሆነው ነገር ሬይ ፓርለር ደጋግሞ ያወራል፦ ልጁ በልምምድ ላይ ሄንሪን ጠለፈ፣ ቤርካምፕን ጠለፈ፣ በመጨረሻ ኳሷ ወደ አሠልጣኙ ስትሄድ ተከትሎ ቬንገርን ራሳቸውን ጠለፋቸው። ሰውየው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በረዶ እያስያዙ "እናስፈርመው" አሉ ይባላል። ወሬው ሲደጋገም ትንሽ ቅመም ሳይጨመርበት አይቀርም፤ ቢሆንም ቱሬን ሲጫወት ያየ ሰው ያምነዋል። ኳስ ባየበት ሁሉ የሚሮጥ ልጅ ነበር። ስህተት ሠርቶ እንኳ ስህተቱን ሮጦ የሚደርስበት ፍጥነት ነበረው። ደግሞ ከአማካይ ስለመጣ ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ አይደነግጥም፤ ይዟት ወደ ፊት ይወጣል።

ሶል ካምቤል ሌላ ነው። እሱ አይሮጥም ለማለት አይደለም፤ መሮጥ ብዙ አያስፈልገውም ነበር። አጥቂው ሊደርስ ያሰበበት ቦታ ላይ ቀድሞ ይገኛል። አየር ላይ በቴስታ የሚያሸንፈው አልነበረም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሰፊ ደረት፣ ሰፊ ትከሻ፤ ሸርተቴ ሲወርድ ሜዳው የሚነቃነቅ ይመስለኝ ነበር። በሌላ በኩል ኳስ አደራረጉ ላይ ቅልጥፍና የለውም፤ ድንገት ዞሮ መሮጥ ሲመጣ ደግሞ ያ ግዙፍ ሰውነት ጊዜ ይፈጃል። ታዲያ እሱ ዞሮ እስኪጨርስ ያ ልጅ ደርሷል። ልጁ ቦታውን ጥሎ ወደ ፊት ሲበር ደግሞ ካምቤል ከኋላ ቆሟል። ቱሬ እንደዚያ እንደ ልቡ እንዲሆን የፈቀደለት የካምቤል መቆም ነው። ካምቤል ረጋ ብሎ እንዲቆም ያስቻለው የቱሬ ሩጫ ነው። በዚያ ዓመት ካምቤል 35፣ ቱሬ 37 የሊግ ጨዋታ ተሰለፉ።

ካምቤል ግን ከኳሱ ሌላ የተሸከመው ነገር ነበረው። ከአሥራ ሁለት ልጆች የመጨረሻው ነው፤ ዝምተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳደገውን ቶተንሃምን ትቶ ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ባላንጣው አርሰናል ሲገባ የድሮ ደጋፊዎቹ "ይሁዳ" አሉት፤ ስድቡ ለዓመታት በየሄደበት ተከተለው። እሱም ሁልጊዜ ደረቱን ነፍቶ ይገባል። እኛም "ይኼ ሰው ብረት ነው" እንላለን።

ከዚያ እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2006 መጣ። ከዌስትሃም ጋር በሃይበሪ። በመጀመሪያው ግማሽ ሁለት ጎል ገባ፤ ሁለቱም ላይ የካምቤል ስህተት ነበረበት። ከዕረፍት ሲመለሱ ሰውየው የለም። ልብሱን ቀይሮ ስታዲየሙን ጥሎ ሄዷል። ጨዋታው 3 ለ 2 በሽንፈት አለቀ። እኔ ያለሁበት ቤት ውስጥ ሰዉ የሳቀው ሳቅ ዛሬም አይረሳኝም። "ሸሸ!" "እናቱ ጋ ሄደ!" የማይባል የለም።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በዚያው ሰሞን በማስተምርበት ቦታ አንድ ባልደረባ ነበረን፤ ስሙን ልተወውና እኛ "ምሰሶው" ነበር የምንለው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክል እሱ፣ የፈተና ፕሮግራም ሲምታታ የሚያስተካክል እሱ፣ ተማሪና አስተዳደር ሲጋጩ መሐል የሚገባ እሱ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ እያስተማረ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ደብተሩን እንኳ አልያዘም። ሁለት ወር አልተመለሰም። ታዲያ መምህራን ክበብ ውስጥ ሻይ ይዘን ምን ስንባባል ሰነበትን? "እሱም እንደዚህ ይሆናል እንዴ?" ይኼ አባባል ሐዘኔታ ይመስላል እንጂ ክስ ነው። ደካማ የምንለው ሰው ሲወድቅ "እግዜር ይማረው" እንላለን፤ ጠንካራ ያልነው ሲወድቅ ያታለለን ይመስለናል። ለነገሩ ስንቶቻችን ነን አንድ ቀን እንኳ "አንተስ እንዴት ነህ?" ብለን መልሱን ቁጭ ብለን የሰማን? እሱ ሲመለስ ደግሞ ዕረፍት የሰጠው አልነበረም፤ ሳምንት ሳይሞላው አንድ የለቅሶ መዋጮ ዝርዝር እጁ ላይ አስቀመጡለት።

ካምቤልም ተመለሰ። ቱሬና ወጣቱ ሴንዴሮስ በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ በሩን ዘግተው ቡድኑን እስከ ፍጻሜው አደረሱት፤ በግማሽ ፍጻሜው ቪያሪያልን ያሸነፈችውን ብቸኛ ጎል ያገባውም ቱሬ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 2006 ፓሪስ ላይ ከባርሴሎና ጋር ሁለቱ እንደገና ጎን ለጎን ቆሙ። ሌማን በቀይ ወጥቷል፤ አሥር ሆነዋል። በ37ኛው ደቂቃ ሄንሪ ቅጣት ምት አሻማ፣ ካምቤል ከሁሉም በላይ ዘሎ በቴስታ አገባ። ያ በየካቲት የሳቀ ቤት ሁሉ ወንበር ላይ ወጣ። እርግጥ ባርሴሎና በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ሁለት አግብቶ ዋንጫውን ወሰደ። ለእኔ ግን በዚያ ምሽት የተሸነፈ ሰው ካምቤል አልነበረም።

ልጁ አሁንም አንድ ስም እየጠበቀ ነው። እሺ፣ ካስገደዳችሁኝ ለአንድ ምሽት፣ ለአንድ ፍጻሜ፣ ካምቤልን እመርጣለሁ። ለሰላሳ ስምንቱ ጨዋታ፣ በዝናብና በብርድ፣ ቱሬን። ይኼን ስለው "ጋሼ፣ ሸወዱን" አለኝ።

ሁለቱም የረሱት ሦስተኛ ሰው ግን አለ፤ ልጆቹ ማለቴ ነው። ማርቲን ኪዮን። በዚያ ዓመት 37 ዓመቱ ነው፤ ቦታውን የወሰደው ያ ሯጭ ልጅ ነው። መስከረም ላይ ኦልድ ትራፎርድ ካምቤል በሌለበት ከቱሬ ጋር የቆመው ኪዮን ነበር፤ በባከነ ሰዓት የተሰጠችውን ሪጎሬ ቫን ኒስትልሮይ አግዳሚው ላይ ሲመታት ላዩ ላይ እየዘለለ የጮኸበትም እሱ ነው። ያቺ ኳስ ብትገባ ኖሮ "ያልተሸነፈው ቡድን" የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። በሚያዝያ ማብቂያ ሲቆጠር ግን ለሜዳሊያው የሚያስፈልገው አሥር ጨዋታ አልሞላለትም። በመጨረሻው ቀን፣ ግንቦት 7፣ ከሌስተር ጋር ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ኪዮን ልብሱን ለብሶ መስመሩ ላይ እየተቁነጠነጠ፣ ፓርለር የመጨረሻውን ቅያሪ እኔ ልገባ ነው እያለ ሊያናድደው ትጥቁን ማውለቅ ጀመረ። ኪዮን ሊያንቀው ደረሰ አሉ። ከዚያ ገባ፤ አሥረኛው ሆነ።