ወባ ነው ያልነው ትኩሳት

ዛሬ የምናጫውታችሁ እኛው መምህራኑ ስለተሳሳትንበት ጉዳይ ነው።

አምና ክረምት ከተማሪዎቻችን አንዱ ከክፍል መቅረት አበዛ። ማታ ትኩሳቱ ይነሳበታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ጠዋት ይተወዋል። ወገቡንና ጉልበቱንም ያመዋል። መቼም እዚህ ከሰላ በክረምት ያተኮሰው ሁሉ ወባ ነውና እኛም "ወባ ነው" አልን። የወባ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ዋጠ፤ አልተሻለውም። እናቱ ስታማክረን አዋቂ መስለን፣ "እህታችን፣ የፍየል ወተት ስጪው፣ እንደታለበ ትኩሱን ይጠጣ፣ ጉልበት ይሆነዋል" አልናት።

በሦስተኛው ሕክምና ደሙ ተመርምሮ ብሩሴሎሲስ መሆኑ ታወቀ። ሱዳኖቹ "ሑማ ማልጢያ" ይሉታል፤ የማልታ ትኩሳት ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከማልታ ደሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ባክቴሪያውን በዚህ ትኩሳት በሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ውስጥ አገኘ። ከየት እንደሚመጣ ግን እስከ 1905 አልታወቀም ነበር። በዚያ ዓመት ዛሚት የተባለ ማልታዊ ሐኪም ጤነኛ በሚመስሉ ፍየሎች ደም ውስጥ አገኘው። ወታደሮቹ የፍየል ወተት ሲከለከሉ በሽታው ቀነሰ።

ለካስ የነልጁ ፍየል ከወራት በፊት ጨንግፋ፣ እሱ ግልገሉንና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጁ አንስቶ ጥሎ ኖሯል። በሽታው በዚህም ይገባል፣ በጥሬ ወተትም ይገባል። እኛ ደግሞ ያንኑ ወተት ጨምሪለት አልን! ያን ቀን አንገታችንን ደፋን።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ሆኖ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይወሰዳል። ተሻለኝ ብሎ በመሀል ያቋረጠ ይመለስበታል። እናቱ አንድ ቀን ሳታዛንፍ ሰጠችው።

"ከእንግዲህ ወተቱን አፍዪው" ስንላት ግን፣ "መምህር፣ ያለችኝን ከሰል ለወጡ ላድርጋት ለወተቱ?" አለችን። መልስ አጣን። መላውን ያገኙት እናቶቹ ናቸው። ሦስት ቤት ሆነው ወተታቸውን ባንድ ድስት፣ ባንድ ከሰል፣ በተራ ያፈላሉ።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ ወተት የፍየልም ይሁን የላም ወይም የግመል እስኪገነፍል ይፍላ። ከጥሬ ወተት የተሠራ እርጎም አያስተማምንም። የጨነገፈ ግልገል ልጆች አይንኩት፤ አዋቂ እጁን በላስቲክ ሸፍኖ በጥልቀት ይቅበረው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም ከብት እንዳላችሁ፣ ጥሬ ወተት እንደጠጣችሁ ንገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ልጁ ዛሬ ክፍል ውስጥ ነው። ያመለጠውን ትምህርት ከሰዓት በኋላ እያስጠናነው ነው፤ ዕዳ አለብንና።

ቸር ይግጠመን።