በቆሼ መንገድ የወረደ እርቅ

በታኅሣሥ ወር እኛ ባልና ሚስት ስንቃችንን በጀርባችን አዝለን ከቡታጅራ ወደ ቆሼ በእግራችን ወረድን። ስንነሣ ግን ከባዱን ሸክም ማን ይያዝ በማለት ተጣልተን ነበርና ቀኑን ሙሉ ሳንነጋገር ሄድን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቆሼ ደረስን። ይህች ከተማ የማረቆ አገር ናትና፥ ዘሩ ጥንት ከአሜሪካ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ቀይ በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ ይደርቅ ነበር። ነፋስ በተነሣ ጊዜ ሁለታችንንም ያለ ማቋረጥ ያስነጥሰን ጀመር። ባነጠስን ቍጥርም «ይማርሽ፤» «ያኑርህ፤» «ይማርህ፤» «ያኑርሽ፤» መባባል ግድ ስለ ሆነ፥ እርቁ ያለ ሽማግሌ ወረደ።

ባልና ሚስት ለመንገድ ሲነሡ ሸክሙን አስቀድመው ቢካፈሉ መልካም ነው። ይህ ባይሆንላቸው ግን በበርበሬ ወራት ወደ ቆሼ ይውረዱ።