«አምንዎታለሁ፤ ወረቀቱን ግን አላገኘሁትም»

ባለፈው ክረምት እናቴ እህቴን ልትጠይቅ ወደ ዋሽንግተን ለመሄድ ትኬቷ ተቆርጦ ነበር። አንድ ቀን ቡና እያፈላች ቀና ብላ አየችኝና «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከአውሮፕላን ጋር ስኖር፣ እሷ የምታውቀው አውሮፕላን ባለበት እንደምሠራ ብቻ ነው።

«ድሮ እጠግን ነበር። አሁን የአውሮፕላን መዝገብ የሚመረምሩ ሰዎችን አሠለጥናለሁ» አልኳት።

«መዝገብ? እኔ የምሳፈረው በብረቱ ነው እንጂ በወረቀቱ ነው እንዴ?»

የቀልድ ጥያቄ አልነበረም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰዎች ካለቁበት ከዚያ እሑድ ወዲህ፣ እናቴ በቤታችን ላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ታማትባለች። የዚያን ቀን ነገር ከአውሮፕላኑ ንድፍ ጋር የተያያዘ እንደነበር፣ እኔ የማስተምረውም ሌላ እንደሆነ ብነግራትም ፍርሃት እንዲህ አይለይም። ስለዚህ በምታውቀው ነገር ጀመርኩላት።

«ልጆቼን ጤና ጣቢያ ይዘሽ ስትሄጂ ነርሷ መጀመሪያ የምትጠይቅሽ ምን ነበር?»

«ካርዱን ነዋ።»

«ልጁ ፊቷ ቁጭ ብሎ እየሳቀም?»

«ቢስቅስ! ምን ምን እንደተከተበ ከፊቱ ይነበባል?»

«ሥራዬ እሱ ነው» አልኳት።

እ.ኤ.አ. በ1944 በተፈረመው የቺካጎ ስምምነት መሠረት፣ ከአገር አገር የሚበር አውሮፕላን ሁሉ የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ግን አንዴ ብቁ የተባለ ሁልጊዜ ብቁ አይደለም። ብረት ይደክማል፣ ዝገት ይገባል፣ ዕቃ ይለወጣል። ከዓመታት በኋላ አዲስ ችግር ሲገኝ ደግሞ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች የግዴታ መመሪያ ያወጣሉ። የቱ ፍተሻ መቼ እንደሚደርስ፣ የትኛው ዕቃ ዕድሜው እንደሚያልቅ፣ የትኛው መመሪያ እንደተፈጸመ ቀን በቀን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይን መጥቶ መዝገቡን ከአውሮፕላኑ ጋር ያመሳክራል። ወረቀቱ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? ጥገናው የተሠራው በተፈቀደው መንገድ ነው? በአውሮፓ ሕግ የዚህ ግምገማ ምስክር ወረቀት የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው።

ዕድሜያቸው የተወሰነ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ አንዳንድ የሞተር ክፍሎች፣ ታሪካቸው ከተሠሩበት ቀን ጀምሮ ሳይቋረጥ መታወቅ አለበት። በእኛ ሙያ «ከልደቱ ጀምሮ» እንላለን። ዕቃው አዲስ ቢመስል እንኳ ታሪኩ ከጠፋ አይገጠምም።

ለሠልጣኞቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1988 በሃዋይ ደሴቶች መካከል ይበር የነበረ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አየር ላይ ሳለ የጣሪያው አንድ ክፍል ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች፤ አብራሪዎቹ ግን አውሮፕላኑን አሳረፉት። አውሮፕላኑ 19 ዓመቱ ነበር። አጫጭር መንገድ ስለሚበር ግን 89,680 ጊዜ ያህል ተነሥቶ አርፏል። በተነሣ ቁጥር ገላው በአየር ግፊት ይነፋል፣ ባረፈ ቁጥር ይሟሽሻል። ዕድሜው የሚቆጠረው በዓመት ብቻ አልነበረም። እኔን ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ግን ሌላው ነው፤ አንዲት ተሳፋሪ ስትገባ በአካሉ ላይ ስንጥቅ አይታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

ለምን ዝም አለች? እዚህ አገር ያደገ ሰው ምክንያቱን መገመት አይቸግረውም። «እኔ ማን ነኝና?» ብላ ይሆናል። እኛ ይሉኝታ እንለዋለን።

ይሉኝታን እኔም አውቀዋለሁ። ወጣት ቴክኒሺያን ሳለሁ፣ በሌሊት ፈረቃ አንድ የማከብረው ትልቅ ሰው የሠራውን ሥራ ሁለተኛ ሰው ሆኜ ማረጋገጥ ነበረብኝ። «ጨርሻለሁ፣ ፈርምልኝ፤ ሊነጋ ነው» አለኝ። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ባትሪዬን ይዤ ሄጄ ባየው የጠረጠርኩት መሰለኝ። ፈረምኩ። ጠዋት ሌላ ባልደረባ፣ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት፣ መሪውን ከሚያንቀሳቅሰው ክፍል አንዱ ብሎን ማሰሪያ ሽቦው እንዳልታሰረ አየ። ሽቦው ታሰረ፤ እኛም ተገሠጽን፤ ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ያቺን ፊርማዬን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ነበር።

ስለዚህ በክፍሌ ውስጥ አንድ ፈተና አለ። ለልምምድ የተዘጋጀ የአንድ ዕቃ መዝገብ እሰጣቸዋለሁ። ከመካከሉ አንድ ገጽ አውጥቻለሁ። የምሳ ሰዓት ሲደርስ «ዕቃውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ፈርሙና እንሂድ» እላቸዋለሁ። ደንቡን ሲያነበንቡ የዋሉ ልጆች፣ ብዙዎቹ ይፈርማሉ። ደንቡ ጠፍቷቸው አይደለም። አስተማሪያቸውን ማሳፈር ከብዷቸው ነው።

በቅርቡ አንዲት ልጅ አልፈረመችም። ተነሥታ፣ እጇን አጣምራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እርስዎን አምንዎታለሁ፤ ወረቀቱን ግን አላገኘሁትም» አለችኝ።

ቆጣ አልኩ፤ ፈተናው እንዲህ ነው። «ታዲያ ውሸታም ነኝ?»

«አይደሉም ጋሼ። ገጹ ሲገኝ እፈርማለሁ።»

ከክፍል ስንወጣ ይህን ከማን እንደተማረች ጠየቅኳት። አያቷ የእድር ጸሐፊ ነበሩ። የገዛ ወንድማቸው እንኳ «የወሩን ከፍያለሁ» ቢላቸው «አምንሃለሁ፤ መዝገቡ ግን አያውቅም» ይሉት ነበር አሉ። ወንድምየው አኩርፈው ያውቃሉ፤ እድሩ ግን አንድም ቀን አልተጣላም።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ስለ ልጆቼ አሰብኩ። «ለትልቅ ሰው መልስ አይሰጥም» እያልን ነው ያሳደግናቸው። ማክበር መልካም ነው፤ እኔም ልጆቼ እንዲተዉት አልፈልግም። ያቺ ልጅም ክብር አላጎደለችብኝም፤ ድምፅዋ እንኳ ከፍ አላለም። ያሳየችኝ አክብሮትና እውነት አብረው መቆም እንደሚችሉ ነው። ይህን ደግሞ እኔ በጥቂት ወራት ሥልጠና ከባዶ ልተክለው አልችልም። የሚተከለው ቤት ውስጥ ነው፤ ልጅ «አባዬ፣ ቡታጋዙን ዘግተኸዋል? ልየው?» ሲል በምንመልስለት መልስ። ልጄ እንዲህ ሲለኝ ድሮ «አታምነኝም?» እለው ነበር። አሁን «እየው» እለዋለሁ። አንድ ቀን በእርግጥ አልተዘጋም ነበር።

ለእናቴ ይህን ሁሉ አወራኋት። ቡናው ሦስተኛ ላይ ደርሷል። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ያቺ ልጅ እኔ የምሄድበትን አውሮፕላን ታየዋለች?» አለችኝ።

«እሷ ገና ተማሪ ናት። ግን እንደሷ ያለ ሰው ያየዋል።»

«ቆጣ ብትለውም የማይፈርም?»

«ብቆጣውም።»

«በል እንግዲያው» አለችና በረካውን ቀዳችልኝ።