«ይለመዳል» ለተባለች ሴት

አዲስ አበባ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ሴቶች በሬን ያንኳኩት በወገብ ሕመም አሳብበው ነው። ከእነሱ አንዷም «ሲስተር፣ ወገቤን» ብላ ገባች። ስትቀመጥ ግን ወደ አንድ ጎኗ አጋደለች። ወገቧን ብመረምረው ይህ ነው የሚባል ችግር የለውም። መጋረጃውን ጋርጄ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እህቴ፣ ከባለቤትሽ ጋር ስትሆኚ ያምሻል?» አልኳት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ተሰፍታለች። ስፌቱ ከዳነ ቆይቷል፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። እናቷ «ይለመዳል» አሏት፤ አንዲት የጤና ባለሙያም ያንኑ ደገመችላት። ባሏ ደግሞ የጠላችው መሰለው። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። ማንም ሰው በገዛ አልጋው ላይ ሕመምን ልመድ ሊባል አይገባም።

የማህፀን ሐኪሟ ኢንፌክሽንም ቁስልም እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ሥራ ጀመርን። ከፊት ከብልት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ተዘርግተው ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን የሚደግፉ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች አሉ። ተደጋግሞ የተመታ ሰው እጅ ሲነሣበት እንደሚሸማቀቅ ሁሉ የእሷም ጡንቻዎች ገና ሕመሙን ስታስበው ይኮማተሩ ነበር፤ መኮማተሩም በራሱ ያማል። ጎረቤቷ «አጥብቂ፣ ልቀቂ» የሚለውን ልምምድ አሳይታታለች። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል በ1948 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ይህ ልምምድ ሽንት ለሚያመልጣቸው ይበጃል፤ እንደ እሷ ዓይነት ሳይላላ ለቀረ ጡንቻ ግን ሊያብስበት ይችላል። የሚያስፈልጋት ማላላት ነበር።

በጀርባዋ አስተኛኋትና ከጉልበቷ ሥር ትራስ አደረግሁላት። አየር በጥልቀት ስንስብ ድያፍራም ይወርዳል፣ የዳሌ ወለል ጡንቻዎችም አብረው ይላላሉ። ትንፋሿ ግን ደረቷ ላይ ታግቶ ቀረ። ከብዙ ጥረት በኋላ መጀመሪያ መንጋጋዋ፣ ቀጥሎ ጭኖቿ ላሉ። ሳላስፈቅዳት ነክቻት አላውቅም፤ «በቃ» ስትል ወዲያው እጄን አነሣለሁ። ከሁሉ በላይ የፈወሳት ይህ ይመስለኛል። ኋላ የስፌቱን ጠባሳ በራሷ ጣት ማሸት፣ ከዚያም ከቀጭን ጀምረው እየወፈሩ በሚሄዱ ለስላሳ የሕክምና ዘንጎች መለማመድ ተማረች።

የሁሉም ሕመም መነሻው አንድ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የኢትዮጵያ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል፤ ከታካሚዎቼም መነሻው የግርዛት ጠባሳ የሆነባቸው ነበሩ።

ወደ እሷ ልመለስ፤ አንድ ቀን ባሏን ይዛ መጣች። የዳሌውን ሞዴል እያሳየሁ ስገልጽለት ቀና ብሎ አላየኝም። «እኔ ነኝ የጎዳኋት?» አለ።

«ወንድሜ፣ ሕመሙን ያመጣኸው አንተ አይደለህም። እያመማት ከቀጠልክ ግን ይብስባታል።»

«እስከ መቼ ልታገሥ?»

እኔ ሳልመልስ እሷ ቀደመችኝ፤ «እኔ እስክነግርህ።»

«እሺ» አላት።

ሕክምናውን ስንጨርስ ሙሉ በሙሉ ጠፋ አላለችኝም። «አልፎ አልፎ ያመኛል። እነግረዋለሁ፣ ያቆማል» አለችኝ።