መተማ ላይ ስልክ የማንን ሰዓት ይቁጠር?

መተማና ጋላባት የአንድ ድልድይ ማዶና ማዶ ናቸው። ፀሐይዋ አንድ ናት፣ ሰዓቱ ግን ሁለት። መተማ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ጋላባት ላይ ገና 2 ሰዓት ነው።

ሁሌም እንዲህ አልነበረም። ሱዳን በጥር 1992 ዓ.ም. ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍታ ከእኛ ጋር እኩል አድርጋው ነበር። ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ወደ ቀድሞው መለሰችው። ሰው በቶሎ ይለምዳል። የሰዓት ዝርዝሩ ያልታደሰለት ስልክና ኮምፒውተር ግን ካርቱምን በአሮጌው ስሌት መቁጠሩን ይቀጥላል።

ችግሩ መሣሪያው «የት ነው ያለሁት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኝበት መንገድ ነው። በራሱ እንዲያስተካክል የተተወ ስልክ ብዙውን ጊዜ ሰዓቱን የሚወስደው ከኔትወርክ ታወር ነው። የታወር ሞገድ ደግሞ ኬላ አያውቅም። ስልኩ የጎረቤት አገር ኔትወርክ ከያዘ፣ ባለቤቱ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ሰዓቱ ወደኋላ ሊመለስበት ይችላል።

ኮምፒውተርም አይሻልም። ብዙ ፕሮግራሞች የቦታውን ስም ትተው «ከግሪንዊች በስንት ሰዓት ትቀድማለህ?» ብቻ ይላሉ። «በ3» የሚለው መልስ አዲስ አበባም፣ ናይሮቢም፣ ሪያድም፣ ሞስኮም ሊሆን ይችላል። ግምቱ ለጊዜው አያስነቃም። ከእነዚህ አንዱ አገር ሰዓቱን የቀየረ ዕለት ግን ይጋለጣል፤ ሱዳን ያደረገችውም ይህንኑ ነው።

«አንድ ሰዓት ምን አላት?» የሚል ካለ፣ በንጋት ወደ ጎንደር የሚነሳ አውቶቡስ ያመለጠውን ይጠይቅ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል። የካርቱምን ሰዓት የያዘ ስልክ ይዞ የመጣ ስደተኛ «ቀጠሮህ 3 ሰዓት ነው» ቢባል ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አንደኛ፣ የእኛ 3 ሰዓት ለእሱ 9 መሆኑን ማወቅ አለበት። ይህን ቢያውቅ እንኳ ስልኩ 9 ሲል መተማ ላይ 4 ሰዓት ሆኗል፤ ወረፋው አልፏል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሰዓቱን የሚቀይር መሣሪያ ዝም ብሎ አይቀይር፣ ባለቤቱን ያስፈቅድ። ፕሮግራም የሚሠሩ ልጆቻችንም ከቁጥሩ ጋር የቦታውን ስም ይመዝግቡ። ቀጠሮ የሚሰጥ ቢሮ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቃል ይጨምር፦ «በመተማ ሰዓት»።