ተከዜ ያስተማረን ዋና

ዋግ፣ ዝቋላ ወረዳ ያደገ ሰው ዋና የት ተማርክ ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ ተከዜ። ከጽጽቃ በኩል ወደ ሸለቆው የሚያወርደው ቁልቁለት ጉልበት ይሰብራል፤ ቆላው ጋ ሲደርሱ ወበቁ ፊት ይገርፋል፤ ከዕጣን ዛፍና ከቁርቁራ በቀር እዚህ ግባ የሚባል ጥላ የለም። እኛ ግን በጋ በመጣ ቁጥር ፍየሎቹን እናጠጣለን ብለን እንወርድ ነበር። ወላጆቻችን ሰበቡን ያውቁታል፤ አይተው ዝም ይሉናል።

ክረምት ላይ ተከዜ አይቀመስም። ለሻደይ በዓል፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ልጃገረዶቹ ሲጨፍሩ እሱ ከላስታ ተራሮች ያጠበውን አፈር ተሸክሞ፣ ግንድ እያንከባለለ ያጓራል። ኅዳር ሲገባ ግን ይጠራል። ወደ አንድ ጥግ ሸሽቶ ሰፊ አሸዋ ይተውልናል፤ በገደሉ ሥር ደግሞ ጥልቅ ኩሬዎች ይቀራሉ። የእኛ መዋኛዎች እነዚያ ነበሩ። እያንዳንዱ ኩሬ ትልልቆቹ በኽምጣና ቋንቋ ያወጡለት ስም ነበረው፤ የትኛው ለጀማሪ እንደሚሆን፣ ከየትኛው ቋጥኝ እንደሚዘለል፣ የትኛው ፈጽሞ እንደማይገባበት ስሙ ሲጠራ ሁላችንም እናውቃለን።

ማንም ዘሎ አይገባም። መጀመሪያ ታላላቆቹ ድንጋይ ይወረውራሉ፤ አዞ ካለ እንዲነቃነቅ ነው። ውኃው እስኪረጋ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ከዚያ ጀማሪው በተራው ይጠራል፤ አንዱ ታላቅ መዳፉን ከሆዱ ሥር አድርጎ «አፍህን ግጠም! እግርህን ምታ!» እያለ ይዞት ይሄዳል፣ ሳይነግረውም እጁን ይስባል። የጠጣ ይጠጣል፣ የተንሳፈፈ ይንሳፈፋል። ስንወጣ ፀሐይ ያጋለውን ጠጠር ጆሯችን ላይ ለጥፈን፣ የገባው ውኃ እስኪወጣ በአንድ እግር እንዘላለን። ከበታች በኩል እናቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ አረፋው እየተንሳፈፈ ይሄዳል። የማሽላ ቆሎ ያን ቀን እንደሚጣፍጠው ሌላ ጊዜ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ከዘመዶቻችን አንዱ ወታደር ሆኖ የባሕር ኃይሉ ሰፈር በነበረባት ምጽዋ ቆይቷል። ስለ ጉርጉሱም ዳርቻ ሲያወራ አፋችንን ከፍተን እናዳምጠው ነበር፤ ባሕሩ ማዶ እንደሌለው፣ ጨዋማው ውኃ ዋና ለማይችልም ቀለል እንደሚል ይነግረናል። ታዲያ ወሬውን ሁልጊዜ የሚጨርሰው በተከዜ ነው፦ «የዚያን ባሕር ውኃ አትጠጡትም ልጆቼ፤ የእኛ ግን ይዋኙበታል፣ ይጠጡታልም።» ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ያደገው የዋግ ልጅ ምጽዋን የሚያውቃት እንዲህ ባለ የሽማግሌ ወሬ ብቻ ነው።

ተከዜም ቢሆን የዚያን ጊዜው ተከዜ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ውኃው ወደኋላ ተኝቶ የሸለቆውን ሆድ ሲሞላ አሸዋው፣ ቋጥኙ፣ ኩሬዎቹ ሁሉ ከሥሩ ቀሩ። ግድቡን አልጠላውም። ወንዝ ብቻ በነበረበት ዛሬ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ፤ የዋግ ወጣቶች በጀልባ እየወጡ ቀረሶና አምባዛ ያጠምዳሉ፤ ከፍየልና ከማር ሌላ የሚሸጥ ነገር አገኙ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ያህል ውኃ አጠገቡ ተኝቶ ዝቋላ በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት ወረዳዎች አንዷ ሆነች። ይህ ሊያስተኛን አይገባም።

ሐይቁ እንደ ኩሬዎቻችን ደረጃ የለውም። ዳርቻው ከሰዓት ሰዓት ባይሆንም ከወር ወር ይሸሻል፣ ይመለሳል፤ ትናንት የተቆመበት ቦታ ዛሬ ጥልቅ ሊሆን ይችላል። ሆድ የሚደግፍ መዳፍም እምብዛም አላይም፤ ዕድሜዬን የሚጋሩት አብዛኞቹ ወይ ወደ ሰቆጣ ወጥተዋል ወይ ርቀው ሄደዋል። የኩሬዎቹን ስም የሚያውቁትም እነሱ ናቸው።

ስለዚህ በሐይቁ ዙሪያ ያላችሁ መምህራንና ዓሣ አስጋሪዎች፣ ልጆቹን ዋና አስተምሯቸው፤ ጥልቁን ሳያውቁ እንዳይገቡ። እናንተም ተከዜ ዳር ያደጋችሁ፣ የምታስታውሱትን የኩሬ ስም ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ መጻፍ የምትችሉ ጻፉት።