መጽሐፉ በማን ስም ይውጣ?

የዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ ለሻደይ በዓል የሚመጣ እንግዳ ለምዳለች። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶቹ የሻደይ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ሲወጡ ሆቴሉም ባጃጁም ዋጋውን ያውቃል። እኔ ግን ሐምሌ ሳያልቅ ገባሁ። ከላሊበላ በቢልባላ በኩል ወደ ዋግ የሚሄደው መንገድ ነሐሴ ላይ ይብሳል ብለው ስላስፈራሩኝ ነው። መንገዱ በሐምሌም ቢሆን ደህና አልነበረም። ሚኒባሱ ጭቃ በያዘው ቁጥር ወንዶቹ እየወረድን ገፋን፤ ሴቶቹና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩን።

ዝናቡ በማግስቱ ያዘኝ። ውቅር መስቀለ ክርስቶስን፣ ከአለት የተፈለፈለውንና የዋግ ሹሞች አስከሬን ሳይፈርስ የቆየበትን ቤተ ክርስቲያን፣ ተሳልሜ ስመለስ ሰማዩ ተቀደደ። ከተማዋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜኑ ዋና ዋና የአሞሌ ጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። የመጣሁት ይህንኑ የገበያ ታሪክ ከአዛውንት አፍ ለመስማት ነበር። አዛውንቶቹ ግን በዚያ ዝናብ ከቤት አይወጡም። መጠለያ ስፈልግ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚል ታፔላ አየሁና ገባሁ። ከዚያ በኋላ የጨውን ነገር ረሳሁት።

በሩ ላይ ውሃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፤ አጠገቡ ቁራጭ ሳሙና አለ። ክረምት የበለስ ወቅት ነው፤ ልጆቹ በለስ እየላጡ ሲሸጡ ውለው ጣታቸው በጭማቂ ተጣብቆ ይመጣሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ልጆቹ «እትዬ» የሚሏቸው ጎልማሳ ሴት፣ እጅ ሳይመረምሩ ማንንም አያሳልፉም። «መዳፍህን ገልብጥ» ይላሉ። ገልብጦ ያሳያል። «እሾህ አለህ፣ ንቀልና ና» ይሉታል። የበለስ እሾህ ገጽ ውስጥ ተደብቆ የሚቀጥለውን አንባቢ ይወጋል። ይህን ከሳቸው ነው የሰማሁት፤ በየትኛውም የቤተ መጻሕፍት ሙያ ሥልጠና የሚሰጥ ትምህርት አይመስለኝም።

ውስጡ ረጅም ክፍል ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ስለዚህ «ጸጥታ» የሚለው ጽሑፍ በክረምት ሥራ ፈት ነው። መደርደሪያው ላይ በብዛት ያለው የመማሪያ መጽሐፍ ነው፣ የአሮጌውም የአዲሱም ሥርዓተ ትምህርት። ሽፋናቸው የተላቀቀባቸው በወፍራም ክር ተሰፍተዋል። በአንድ ጥግ የበኵር ጋዜጣ የቆዩ እትሞች ታስረው ተቀምጠዋል። በኽምጥኛ የተጻፈውን ስጠይቅ እትዬ አንድ እጃቸው የሚችለውን ያህል አንስተው ሰጡኝ፤ የታችኛው ክፍል መማሪያዎች ናቸው። በዋግ ኽምራ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ከጀመሩ ዓመታት ቢያልፉም፣ ፊደሉን የለየ ልጅ ቀጥሎ ለደስታው የሚያነበው ተረት በመደርደሪያው የለም።

ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዎቹን የሚይዙት የ12ኛ ክፍልን ፈተና ዳግም የሚፈተኑና ለከርሞ የሚዘጋጁ ናቸው። ጥር 2015 የተገለጸው ውጤት አገሩን ሁሉ ያስደነገጠ ነበር፤ ከተፈተኑት ውስጥ የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዋግ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ትምህርት ቤት አዘግቷል፣ መብራት ለረጅም ጊዜ አቋርጧል፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። ከተፈናቃዮቹ ልጆች የተወሰኑት እዚህ ያነባሉ። አንዷ ልጅ ኬሚስትሪ እየሠራች ነው፤ የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፎች ተገንጥለዋል። «የጎደለውን ከየት ታነቢዋለሽ?» አልኳት። «እሱ እስኪደርስ ሌላ ቅጂ ይገኛል» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከሰዓት የሚያስተምሩት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጡ ወጣቶች ናቸው። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚባለው ነው። ሌላ ቦታ ችግኝ መትከልና የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ ጎልቶ ይታያል፣ ሪባንና ካሜራም ይከተለዋል። እዚህ አንድ ልጅ ጠመኔ ይዞ ሒሳብ ያስረዳል፣ ሌላው እንግሊዝኛ። ካሜራ አላየሁም፤ በሰሌዳው ላይ ግን አንድ እኩልታ ሦስት ጊዜ እየተፋቀ ሲሠራ አይቻለሁ። ዓርብ ላይ ለትንንሾቹ የተረት ሰዓት አለ። አንዲት አረጋዊት በኽምጥኛ ያወራሉ፤ አንድ ወጣት በስልኩ ይቀዳቸዋል። ከዚያ ወደ ደብተር ይገለብጠዋል። ይህን ሥራ ከሁሉ አስበልጬ ወደድኩት፤ መደርደሪያው የጎደለውን መጽሐፍ ራሱ መጻፍ የጀመረ ስለመሰለኝ ነው።

ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የሌለው ማን እንደሆነ ለማየት ብዙ መቀመጥ አያስፈልግም። የገጠር ልጅ የለም። አሜሪካኖች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በየቤተ መጻሕፍታቸው የክረምት ንባብ ዝግጅት ያደርጋሉ፤ መነሻው ልጅ በዕረፍት ሥራ ፈትቶ የተማረውን ይረሳል የሚል ነው። ይህን ሐሳብ እኛ ከነስሙ ተቀብለነዋል። በዋግ ደጋ ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁ ሊያርፍ አይሄድም፣ ሊያርም ነው የሚሄደው። ገብሱ ይታረማል፣ ከብቱ ይጠበቃል፣ ቆላ ከሆነ ማሽላው ይኮተኮታል። ዋግ ላይ ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ ይወጣል፤ በእነዚያ ሳምንታት ያልተሠራ ዓመቱን ሙሉ ያስርባል። ታዲያ ልጁ ወደ ቤተ መጻሕፍት ካልመጣ፣ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይሂድ ማለት ቀላል ይመስላል።

ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ከመሳቢያቸው አንድ ወፍራም መዝገብ አወጡ። «እያንዳንዱ መጽሐፍ በሞዴል 19 በስሜ ገብቷል» አሉኝ። «ከጠፋ ከእኔ ደመወዝ ነው የሚቆረጠው። ወንድሜ፣ የትኛውን መጽሐፍ ልስጥዎ?»

በመንግሥት ቤት የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መጽሐፍ፣ ወንበርና የጽሕፈት መኪና አንድ ዓይነት ንብረት ናቸው፤ በሞዴል 19 ይገባሉ፣ በሞዴል 22 ይወጣሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ ይቆጠራሉ። ወንበር ግን ሲቀመጡበት ብቻ ነው የሚያረጀው፤ መጽሐፍ ሲወጣ ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ወጥ ይፈስበታል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ጥሩ ሠራተኛ ማለት በሩን አጥብቆ የሚዘጋ ነው። እትዬን በዚህ መውቀስ አይገባም። በአዲስ አበባ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ታኅሣሥ 2014 ሲመረቅ ስለ ሕንፃውና ስለሚይዘው መጽሐፍ ብዛት ብዙ ተባለ፤ ዋግ ያን ጊዜ ከጦርነቱ ገና ቀና አላለም ነበር። ለሰቆጣ ሕንፃ ቢመጣ ማንም አይጠላም። እኔ ግን ምርጫው ቢሰጠኝ ከሕንፃው በፊት አንዲት አንቀጽ እለምናለሁ፦ በየዓመቱ ይህን ያህል መጽሐፍ በንባብ ሊያልቅ ይችላል፣ ሠራተኛውም አይጠየቅበትም የምትል።

አልታወስ እያለን ነው እንጂ በዚህ አገር ከሁሉ የሚበልጠው የክረምት የንባብ ሥራ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተማሪውንና አስተማሪውን ወደ ገበሬው ላከ። በአምስት ቋንቋ ተጀምሮ ወደ 15 ደረሰ፤ ኽምጥኛ ከ15ቱ ውስጥ አልነበረም፣ የዋግ ሰው በአማርኛ ፊደል ቆጠረ። ዩኔስኮም ሸለመው። ሆኖም ፊደል የቆጠረው ገበሬ ዘማቹ ከሄደ በኋላ ምን ያንብብ? የንባብ ክፍሎች ተከፍተው ነበር፤ የዚያን ዘመን ጦርነትና ድርቅ ብዙዎቹን አብረው በሉ።

ፊደል ቆጥሮ የሚያነበው ያጣ ሰው በዓይኔ ያየሁት ከሰቆጣ ወደ ጋዝጊብላ ደጋ ከአንዱ የሒሳብ አስተማሪ ወጣት ጋር ስወጣ ነው። ልጁ እትዬን ለቀናት ሲለምን ሰንብቶ በመጨረሻ ተሳክቶለታል። መጻሕፍቱ በእሱ ስም ወጡ፤ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያውን አስያዘ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አጎቱ ዋስ ሆነ። የቀበሌውን ልጆች ለአንድ ወር ያስነብባል፣ ከጳጉሜ በፊት ይመልሳል። መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን በአህያ ጫንን።

አህያዋ ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለችም። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አገራቸው ተመልሰው በ1995 በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቀጥሎ በሐዋሳ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቆሙ። በኬንያ ጋሪሳም በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአገሪቱ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በግመል መጽሐፍ ማድረስ ጀመረ። በሁለቱም ዘንድ መጓጓዣው ነው ዜና የሆነው። የእኛዋ አህያ ግን ማንም ዞር ብሎ አላያትም፤ ዋግ ላይ በአህያ የማይጫን ነገር የለምና።

የልጁ ቀበሌ በጉም ተሸፍኖ ነው የደረስነው። ከብት የሚጠብቁት ልጆች ማታ በረት ከዘጉ በኋላ መጡ፤ ንባቡ በሶላር ፋኖስ ነው። መጽሐፍ የሚወስድ ልጅ አባቱ ወይም እናቱ ይፈርማሉ። አብዛኞቹ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነከሩ። አንድ አባት ግን እስክሪብቶውን ተቀበሉ። «እኔ ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ በዘመቻው» አሉ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የራሳቸውን ስም ጻፉ፤ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ፊደል በከንፈራቸው እያሉ። የአባታቸው ስም ላይ ሲደርሱ መሐል ያለው ፊደል ጠፋባቸው። ልጃቸው አሳያቸው፤ «እሱን ከዚያ ወዲህ ጽፌው አላውቅም» አሉ። ልጁ የወሰደው የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሳልፍ መጽሐፉን ገልጠው የያዙት አባትየው ነበሩ፤ ልጁ ከብት አግድቷል።

ከሻደይ በኋላ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ጳጉሜ ሊገባ ሲል ወደ እትዬ ስልክ ደወልኩ። መጻሕፍቱ ገብተዋል፣ ከሁለቱ በቀር። አንዱ የወሰደው ልጅ ከእናቱ ጋር ወደ ቆላ ስለወረደ ከመስከረም በኋላ ይመጣል። ሁለተኛውን፣ የስምንተኛ ክፍል ሒሳቡን፣ ፍየል በልታዋለች።

«እንዴት አወቃችሁ?» አልኳቸው።

«ልጁ ሽፋኑን አምጥቷል እኮ፤ ጥርሷ ይታያል።»

ንብረት ክፍሉ ይህን በቃል አይቀበልም። መጽሐፉ በፍየል መበላቱን የሚያስረዳ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ሦስት ሰው ካልፈረመበት ዋጋው ከዋሱ ይቆረጣል ብሏል። እትዬ ፈርመዋል፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም ፈርሟል። የፍየሏ ባለቤት ካሳ ያስከፍሉኛል ብሎ ፈርቶ እምቢ አለ፤ ወጣቱ አስተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲው ከመሄዱ በፊት ሊያሳምነው ወደ ደጋ ወጥቷል።